ፍርሃቱ ቦታውን ስቷል፦ ሕፃን ይዞ ወደ ጎጃም መብረርን ለሚቃወመው ጽሑፍ ምላሽ

ከውጭ አገር ጨቅላ ልጅ ይዘው ወደ ጎጃም የሚመጡ ወላጆችን የሚወቅስ ጽሑፍ ሰሞኑን ሰው ሲቀባበለው አየሁ። ለእኔም ደጋግሞ ደርሶኛል። ላላነበበው ሰው ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው። አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ስስ ስለሆነ ሕፃን ያፍናል። ጆሮ ያበላሻል፤ ስለዚህ ጥጥ ይወተፍበት። ጉዞው የግድ ከሆነ የሚያስተኛ ሽሮፕ አጠጥቶ ማሳፈር ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ በነፃ ስለሚሄድ ወንበር አያስፈልገውም፣ በአንቀልባ ታዝሎ ይመጣል። ከመጣም አይቀር ለአርባ ቀኑ ክርስትና ይድረስ። ይህን ሁሉ ከመከረ በኋላ ጽሑፉ ዞሮ፣ ልጅ አምስት ዓመት ሳይሞላው ምንም ስለማያስታውስ ጉዞው ከንቱ ድካምና ተሳፋሪ ማስቸገር ነው ብሎ ይዘጋል።

እኔ ባሕር ዳር ሕፃናት በሚታከሙበት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ገናና ጥምቀት ሲደርስ፣ ክረምት ላይም የውጭው ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከዓረብ አገር የመጡ ሕፃናት በእጃችን ያልፋሉ። የጸሐፊው ጭንቀት ከክፋት የመነጨ አይመስለኝም። ነገር ግን ወላጅን የሚያስደነግጡት በማያስደነግጠው ነገር ነው፤ የእውነት አደጋ ያለበት ቦታ ሲደርሱ ደግሞ «አይዟችሁ» ይላሉ። ብዕር ያስነሳኝም ይኸው ተገላቢጦሽ ነው።

ከአየሩ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የፈራው እሱን ነውና።

አውሮፕላን ከ10 ሺህ ሜትር በላይ ሲበር ውስጡ ያለው አየር መሬት ላይ እንዳለው አለመሆኑ እውነት ነው። ውጭ እንዳለው ግን በፍጹም አይደለም። አየሩ እየታመቀ ስለሚገባ ተሳፋሪው የሚተነፍሰው ደጋ አገር እንደተቀመጠ ሰው ነው። የአቪዬሽን ደንብ በመደበኛ በረራ የሚፈቅደው የመጨረሻ ጣሪያ የ8 ሺህ ጫማ፣ ማለትም የ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ አየር ነው። እንደ ቦይንግ 787 እና ኤርባስ ኤ350 ያሉት አዳዲሶቹ አውሮፕላኖች ደግሞ ወደ 6 ሺህ ጫማ፣ ወደ 1,800 ሜትር ዝቅ ያደርጉታል።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ይዛችሁ አሁን ወደ አገራችን ኑ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር ትበልጣለች። ስለዚህ ደንቡ የሚፈቅደው ስስ አየር የደብረ ማርቆስ ሰው ገበያ ወጥቶ ሲገባ የሚተነፍሰው ነው፤ የተሻለው ደግሞ እኛ ጣና ዳር ተቀምጠን የምንተነፍሰው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ራሱ 2,334 ሜትር ላይ ነው። በጮቄ ተራራ ዙሪያ ከዚያም አልፎ ባለ ከፍታ ስንት እናት ወልዳ ስማ አሳድጋለች። ጸሐፊው የደብረ ማርቆስ ልጅ ከሆኑ «ሕፃን ያፍናል» ባሉት አየር ውስጥ ነው ድክ ድክ ብለው ያደጉት።

ይህ ማለት ግን ማንም ሕፃን ዝም ብሎ ይሳፈር ማለት አይደለም። ቀኑ ሳይሞላ የተወለደ፣ ተወልዶ ኦክስጅን ላይ የከረመ፣ የልብ ወይም የሳንባ ችግር ያለበት፣ ወይም በጉዞው ሰሞን የሳንባ ምች የያዘው ልጅ ሐኪም ሳያየው አይሳፈር። ጤነኛ ሆኖ የተወለደውንም ቢሆን ብዙ አየር መንገዶች በመጀመሪያዎቹ ቀናት አያሳፍሩም፤ አንዱ ሰባት ቀን፣ ሌላው ሁለት ሳምንት ይጠይቃል። ለሐኪሙ ጥያቄ ስታቀርቡ ደግሞ ስለ በረራው ብቻ አትጠይቁ። የሳንባ ችግር ያለበት ልጅ አውሮፕላኑ ውስጥ የሚቆየው ሰዓታት ነው፤ አያቱ ቤት ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ የሚቆየው ሳምንታት ነው። ከፍታው አንድ ነው። በረራውን ፈርቶ መድረሻውን የረሳ ወላጅ ብዙ አይቻለሁ።

በአውሮፕላን አየር ላይ አቤቱታ ካስፈለገ ድርቀቱ ላይ ይሁን። የእርጥበቱ መጠን ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ነው፤ ከንፈርና አፍንጫ ያደርቃል። መፍትሔው ቶሎ ቶሎ ማጥባት ነው። ስድስት ወር ላልሞላው ልጅ ውኃ አትስጡ፣ የእናት ጡት ይበቃዋል። የዱቄት ወተት የሚጠጣ ከሆነ መበጥበጫውን በታሸገ ውኃ አድርጉት እንጂ ከአውሮፕላኑ መጸዳጃ ቤት ቧንቧ አትቅዱ። በፍተሻ ላይ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ የሚከለክለው ደንብም በአሜሪካና በአውሮፓ ማረፊያዎች የሕፃን ወተትና ምግብ ላይ አይሠራም፤ ለፈታሹ ቀድማችሁ ንገሩት እንጂ አትድፉት።

ጆሮ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ያማል። የዓባይን በረሃ በመኪና የወረደ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወርድ ጆሮው ይደፈናል፣ ምራቁን ሲውጥ ጧ ብሎ ይከፈታል። ጆሮን ከጉሮሮ ጀርባ ጋር የሚያገናኝ ቀጭን ቱቦ አለ። ግፊት ሲለወጥ አየር የሚገባና የሚወጣው በእሱ ነው፤ የሚከፈተውም ስንውጥ፣ ስናዛጋ ነው። ሕፃን ላይ ቱቦው ጠባብ ስለሆነ ቶሎ ይደፈናል። ታዲያ ጥጡ ምን ይሠራል? ችግሩ ከታምቡሩ በስተጀርባ ነው፣ ጥጡ የሚወተፈው ደግሞ በፊት ለፊት። በር ከውስጥ ተቆልፎ ውጭውን እንደ መጥረግ ነው።

የሚረዳው ጡት፣ ጡጦ ወይም የሚጠባ ጎማ ነው፤ ዋናው ቁም ነገር ግን ሰዓቱ ነው። አውሮፕላን ሲነሳ ካለው ይልቅ ሲወርድ ያለው ይብሳል። መውረድ የሚጀምረው ደግሞ ጎማው መሬት ሊነካ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲቀረው ነው። «ቀበቶ እሰሩ» እስኪባል የጠበቀች እናት ዘግይታለች፤ አስተናጋጆቹ ዕቃ መሰብሰብ ሲጀምሩ የተኛውን ልጅ ቀስቅሳ ታጥባው። ቢያለቅስም አትደንግጡ፤ ሲያለቅስ ምራቁን ይውጣል፣ መንጋጋውንም ያንቀሳቅሳል፣ ያ ራሱ ጆሮውን ይከፍትለታል። ከጉዞው በፊት ጆሮው እየመገለ ወይም በብርቱ ጉንፋን ተይዞ ከሆነ ግን ሐኪም ይየው።

ጸሐፊው ያላነሱት ለእኛ አገር ተጓዥ የሚጠቅም ነገር ደግሞ ይህ ነው። ቦሌ ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ አውሮፕላኑ ውስጥ የነበረው ግፊትና የአዲስ አበባ ግፊት ተቀራራቢ ናቸው፤ ወደ አገር ቤት ስትመጡ ጆሮ ብዙም ላያስቸግር ይችላል። ስትመለሱ ግን ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ ፍራንክፈርት፣ ወደ ዱባይ፣ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ነው የምትወርዱት። በዚያ ላይ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በቀጥታ 13 ሰዓት ገደማ የሚወስደው በረራ፣ ሲመለስ ብዙ ጊዜ በመንገድ ለነዳጅ ያርፋል፤ የቦሌ ከፍታ አውሮፕላኑ ታንኩን ሞልቶ፣ ሰውና ዕቃ ጭኖ እንዲነሳ ስለማይመች ነው። ስለዚህ መመለሻው አንድ መውረድ ይጨምራል። «ስንመጣ ምንም አላለ» ብላችሁ አትዘናጉ።

አሁን ወደ ሽሮፑ። እዚህ ላይ ቃሌን አላለሳልስም።

ጽሑፉ ስሙን ሳይጠራ «የሚያስተኛ ሽሮፕ» ይላል። በየመድኃኒት ቤቱ በዚህ ስም የሚጠየቁት ለአለርጂ፣ ለጉንፋንና ለማስመለስ የሚሰጡ፣ እንቅልፍ የሚያመጡ መድኃኒቶች ናቸው። ከነሱ አንዱ ፕሮሜታዚን ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2004 ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ በመድኃኒቱ ላይ ከባዱን ማስጠንቀቂያ አስቀምጦበታል፤ ምክንያቱ መተንፈስን እስከ ሞት የሚያደርስ ደረጃ ስለሚያዳክም ነው። ዳይፈንሃይድራሚን የሚባለውም ልጅ ለማስተኛት ተብሎ አይሰጥም። ከዚህ በተጨማሪ አንዳንዱን ልጅ ጭራሽ ያነቃዋል፤ እንዲተኛ የተሰጠው ሌሊቱን ሙሉ ሲንፈራገጥ ያድራል።

ጸሐፊውን አንድ ነገር ልጠይቃቸው። ከላይ «አየሩ ስስ ነው፣ ሕፃኑ ይታፈናል» ብለው ነበር። እሺ፣ እንደ እርስዎ አባባል ይሁን። ታዲያ ይታፈናል ያሉትን ልጅ ትንፋሽ የሚያዳክም መድኃኒት እንዴት ያዙለታል? ያውም ሐኪም ቤት በሌለበት፣ በውቅያኖስ ላይ፣ መብራት ጠፍቶ ሁሉም በተኛበት፣ እናትየውም ደክሟት አሸልባ የልጇን አተነፋፈስ በማታይበት ሰዓት? ልጄ ሕመም ቢሰማውስ ያለች እናት ፓራሲታሞል በክብደቱ ተለክቶ እንዲታዘዝላት ሐኪሟን ትጠይቅ። እሱ የሕመምና የትኩሳት እንጂ የእንቅልፍ መድኃኒት አይደለም።

የ«ነፃ» ነገርን ባጭሩ። ከሁለት ዓመት በታች የሆነ ልጅ በዓለም አቀፍ በረራ በወላጁ ጭን ሲሄድ ብዙ አየር መንገዶች የአዋቂውን ዋጋ 10 በመቶ ገደማና ቀረጥ ያስከፍላሉ። ዕድሜው የሚታየው ደግሞ በእያንዳንዱ የበረራ ቀን ነው፤ ሲመጣ 23 ወር የነበረ ልጅ ጎጃም ሳለ ሁለተኛ ዓመቱን ከደፈነ ለመመለሻው ሙሉ ወንበር ይገዛለታል። ይህን ሳያውቁ ቦሌ መንገደኛ የሚመዘገብበት መስኮት ላይ ገንዘብ ፍለጋ ቦርሳ የሚፈትሹ አሉ። ፓስፖርትም የራሱ ያስፈልገዋል፤ በአንድ ወላጅ ብቻ የሚጓዝ ከሆነ የሌላኛውን የስምምነት ደብዳቤ መያዝ ከብዙ ጥያቄ ያድናል።

ስለ አንቀልባ ግን ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ እወደዋለሁና። ጽሑፉ አንቀልባን ማንሳቱ ደስ ብሎኛል። በውጭ አገር ማረፊያ፣ ረጅም ኮሪደር ላይ፣ በፍተሻ ሰልፍ፣ ሁለት እጅ በሻንጣ ተይዞ ከጋሪ ይልቅ አንቀልባ ይሻላል። የሚያለቅስ ልጅ በእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ በወንበሮቹ መሃል ወዲህ ወዲያ ሲባልለት ዝም ይላል፤ ይህን አያቶቻችን አውሮፕላን ሳያዩ ያወቁት ነው። ግን አንቀልባ ወንበር አይሆንም። አውሮፕላኑ ሲነሳና ሲያርፍ፣ አየሩም ሲናወጥ፣ ልጁን ከጀርባ አውርዱ ትባላላችሁ። በደረት የሚታሰረው ማዘያም ቢሆን በእነዚያ ደቂቃዎች አይፈቀድም፤ በድንገት ሲናጥ የእናት ሰውነት ልጁ ላይ ያርፋል። በዚሁ ምክንያት የራሳችሁን ቀበቶ ልጁንም ጨምራችሁ አትታጠቁ። በአውሮፓና በሌሎችም አገሮች ከእናት ቀበቶ ጋር የሚቀጠል ትንሽ የልጅ ቀበቶ ይሰጣሉ፤ ከሰጧችሁ ያን እሰሩ።

አቅም ያለው ሰው ለጨቅላውም ቢሆን ወንበር ገዝቶ በአውሮፕላን እንዲያገለግል በተፈቀደ የልጅ መኪና ወንበር ቢያስቀምጠው ከሁሉ የተሻለ ነው፤ የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣንም የሚመክረው ይህንኑ ነው። አቅም ለሌለው ከፊት ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠለው የሕፃን አልጋ አለ። አልጋው ጥቂት ነው፣ የክብደት ገደብም አለው፤ እንደ አየር መንገዱ 10 ወይም 11 ኪሎ አካባቢ ነው። ስለዚህ ትኬት በተቆረጠ ዕለት ደውሎ ማስመዝገብ ነው። አየር ሲናወጥ ልጁን ከአልጋው አንሱ እንደሚሏችሁም ከወዲሁ ዕወቁት፤ የተኛን ልጅ ቀስቅሱ ሲባል የሚመጣው ንዴት ያኔ ትንሽ ይቀላል።

እግረ መንገዴን፣ የትኛው ዕድሜ ይቀላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ ከአራት ወር እስከ ስምንት ወር ያለውን እመርጣለሁ። ይጠባል፣ ይተኛል፣ አልጋው ላይ ይገባል፣ ተነስቶ አይሮጥም። የሚፈትነው አዲስ መራመድ የጀመረው ነው። ፊልም አይገባውም፣ ቁጭ በል ቢሉት አይሰማም፣ ያችን ያወቃትን እርምጃ አስራ ሦስት ሰዓት ሙሉ መሞከር ይፈልጋል። «ሁለት ዓመት ሳይሞላው እንድረስ» እያሉ ዋጋ ለመቆጠብ የሚጣደፉት ብዙ ጊዜ የሚመጡት በዚሁ በከባዱ ዕድሜ ነው።

ተሳፋሪ ያስቸግራል ለሚለው ብዙ ቃል አላባክንም። ሕፃን ያለቅሳል። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በሚመጣ አውሮፕላን ውስጥ ደግሞ አንዲት እናት ደክሟት ስትታይ ከኋላ ወንበር «እስኪ እኔ ጋ አምጭው፣ እኔም እናት ነኝ» የምትል አትጠፋም። ያልቻለ ጆሮው ላይ ያድርግ፤ ጥጡ ያኔ ለቁም ነገር ይውላል።

አርባ ቀኑ ግን ያስጨንቀኛል። ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ማስጠመቅ ሥርዓታችን ነው፣ አያት ይህን ለማየት መጓጓቷም ልክ ነው። ነገር ግን ቀኑን ቁጠሩት። የመጀመሪያው ዋና የክትባት ዙር በኢትዮጵያ በስድስተኛው ሳምንት፣ በአሜሪካ በሁለተኛው ወር ነው። ስድስት ሳምንት 42 ቀን ነው። በአርባ ቀኑ እዚህ የደረሰ ሕፃን ሲወለድ ከተሰጠው በቀር አንድም ክትባት ሳይኖረው በትራንዚት ሕዝብ መሃል አልፎ፣ ለእንኳን ደህና መጣችሁ በተሰበሰበ ቤተ ዘመድ ጉንጩን ይሳማል። ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ እኛ ጋ ድንገተኛ ነው፤ ቤት ተይዞ የሚታይ አይደለም። ውጭ አገርም ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ካህን አለ። እዚያው በቀኑ አስጠምቆ፣ ድግሱን ልጁ ክትባቱን ሲይዝ ጎጃም መጥቶ መደገስ ይቻላል። አያትም ብትሆን ከትኩሳታም ልጅ ጋር ሆስፒታል ከማደር ያን ትመርጣለች።

«ልጁ አያስታውሰውም» የሚለው ደግሞ ከሁሉ ያልገባኝ ነው። ማን አለ ልጁ እንዲያስታውስ ነው ብሎ? ብቸና ወይም ሞጣ ያለች፣ ጉልበቷ የደከመ፣ የልጅ ልጇን በስልክ መስታወት ብቻ ያየች አያት አለች። የምታቅፈው እሷ ናት፤ የምትመርቀው፣ የምታስታውሰውም እሷ ናት። አምስት ዓመት ይቆይ ሲሉ ጸሐፊው የቆጠሩት የልጁን ዕድሜ ብቻ ነው። የእሷንም ቢቆጥሩት ጥሩ ነበር።

ጽሑፉ በረራውን ሲያብጠለጥል ውሎ፣ አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ ስላለው አንድ መስመር የለውም። እኛ ጋ የሚመጡት ልጆች ግን አየር ላይ የታመሙ አይደሉም።

መጀመሪያ ኩፍኝ። አሜሪካ ያለ ልጅ የኩፍኝ ክትባት የሚወስደው ዓመት ሲሞላው ነው፤ እዚህ ደግሞ በ9 ወርና በ15 ወር ነው። ኩፍኝ በአገራችን በየጊዜው ይነሳል። ስለዚህ ከስድስት እስከ አስራ አንድ ወር ያለ ልጅ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ቀድሞ አንድ ክትባት እንዲወስድ የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት ይመክራሉ። ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ቢሰጥ ሰውነቱ ይዘጋጃል። ያ ቀድሞ የተወሰደው ዓመት ከሞላው በኋላ ከሚሰጡት ሁለቱ ጋር አይቆጠርም፤ ሲመለስ እነሱንም ይወስዳል።

ከዚያ ማር። ጎጃም ገብቶ ማር ሳይቀምስ የሚወጣ እንግዳ የለም፤ አያትም ጣቷን ነክራ ማላሷ አይቀርም። ዓመት ያልሞላው ልጅ ግን ማር አይቅመስ። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል የባክቴሪያ ዘር የሕፃን አንጀት ውስጥ ሲያድግ ጡንቻ የሚያሽመደምድ መርዝ ያመነጫል፤ ማርን ማሞቅ ያን ዘር አይገድለውም። ጥሬ ወተት፣ አብሽ፣ ቅቤ ማስዋጥም እንዲሁ ይቅርባችሁ። አያትን ማስቀየም ከባድ ነው፤ ስለዚህ እኛን ምክንያት አድርጉን። «እማምዬ፣ ሐኪም ከልክሎናል» በሏት። ሐኪም ቢታማ ግድ የለም።

እንቅልፉም ይገለበጣል። ከዋሽንግተን ጋር ያለን የሰዓት ልዩነት እንደ ወቅቱ ሰባት ወይም ስምንት ነው፤ ልጁ እኩለ ሌሊት ላይ ነቅቶ መጫወት ያምረዋል። ቤተሰቡ «ዓይን ነክቶት ነው» ከማለቱ በፊት አስቀድማችሁ ንገሩ። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ አውጡት፣ ሌሊት መብራት አታብሩለት፣ ከቀናት በኋላ ይስተካከላል።

መንገዱ ደግሞ አለ። ስለ አውሮፕላን ሲጨነቅ የከረመ አባት አዲስ አበባ ላይ ወርዶ ሚኒባስ ይኮናተርና ልጁን ጋቢና ላይ አቅፎ ወደ ደብረ ማርቆስ ይጓዛል። ከጉዞው ሁሉ አስፈሪው ያ ነው። መኪና ድንገት ፍሬን ሲይዝ ልጅን በክንድ ይዞ ማስቀረት የሚችል ጉልበት የለም፤ ጋቢና ላይ ደግሞ ፊት ለፊት መስታወት ነው። የልጁን የመኪና ወንበር ከምትኖሩበት አገር ይዛችሁ ኑ፤ አየር መንገዶች ብዙ ጊዜ ያለ ክፍያ ይጭኑታል። ኋላ ወንበር ላይ ይታሰር፣ ልጁ ይግባበት፣ ሾፌሩ ቢስቅም ይሳቅ። በጸጥታ ምክንያት መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜም ስላለ፣ ለሚመቸው ከቦሌ ባሕር ዳር ያለው የአንድ ሰዓት ገደማ በረራ ይሻላል።

መጨረሻ ላይ ወባ። ከ2,000 ሜትር በታች ያለው የጎጃም ክፍል፣ ባሕር ዳርንና ፍኖተ ሰላምን ጨምሮ፣ የወባ አገር ነው፤ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ከፍ ስለሚሉ ስጋቱ ይቀንሳል። ዋናው ጊዜው ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም ጀምሮ ነው። እዚህ ያደገ ወላጅ «እኛ ለምደነዋል» ይላል፤ ውጭ የተወለደው ልጁ ግን አንድም ቀን አላየውም። ከ5 ኪሎ በላይ ለሆነ ልጅ የሚሰጡ መከላከያ መድኃኒቶች አሉ። አንዳንዱ ከጉዞው ሳምንታት ቀድሞ ስለሚጀመር ሐኪማችሁን በጊዜ አነጋግሩ። ማታ አጎበር ውስጥ ይተኛ፤ አጎበሩ ፍራሹ ሥር ይወተፍ እንጂ ለይስሙላ አይንጠልጠል። ከሁለት ወር በታች ላለ ሕፃን ቆዳ ላይ የሚቀባ የትንኝ መከላከያ አይደረግም። ከእኛ አገር የወባ ዓይነቶች አንዱ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ይነሳል፤ ስለዚህ ከተመለሳችሁ በኋላ ልጁ ቢያተኩሰው ሐኪሙ እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ፣ «ጎጃም ከርመን ነው የመጣነው፣ የወባ ምርመራ ይደረግለት» በሉት። እዚያ ያለ ሐኪም ትኩሳት ሲያይ መጀመሪያ የሚታሰበው ጉንፋን ነው።